የፓንጉና ዕዳ ባለቤት አለው

በደቡብ ፓስፊክ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሥር ባለችው በቡገንቪል ደሴት መካከል ፓንጉና የሚባል የመዳብ ማዕድን ማውጫ አለ። ሥራ ካቆመ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጉድጓዱ ከዳር እስከ ዳር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከዚያ ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ መዳቡ ተለቅሞ የተጣለው ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ዝቃጭ በካቬሮንግና በጃባ ወንዞች ሸለቆ ተዘርግቶ ቀርቷል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከቦታው እየተነሣ ወደ ታች ይወርዳል። ሠራተኞቹ ሄደዋል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሕንፃዎቹ ዝገዋል። ዝቃጩ ግን ሥራውን አላቆመም።

ይህን ማን ያጽዳ የሚለው ጥያቄ ዛሬ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ነው። የዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍልም አቋሙን ከወዲሁ ይናገራል። የመጀመሪያው ባለዕዳ ማዕድኑን ሲያወጣ የነበረው የሪዮ ቲንቶ ኩባንያ ነው፤ ሁለተኛው ፈቃዱን የሰጠው የአውስትራሊያ መንግሥት ነው። ሪዮ ቲንቶ በ2016 አክሲዮኑን በነፃ አስረክቦ መውጣቱ ከዕዳው አያወጣውም። የማጽጃው ገንዘብም ማዕድኑ እንደገና ይከፈት አይከፈት ከሚለው ክርክር ተለይቶ አሁኑኑ መቀመጥ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከድንጋዩ እንጀምር። ብዙዎች የፓንጉናን ጉዳይ የፖለቲካ ታሪክ አድርገው ብቻ ያነቡታል። ፍርዱን የሚያቀልለው ግን የከርሰ ምድሩ ታሪክ ነው።

ቡገንቪል በሁለት ግዙፍ የመሬት ቅርፊቶች መጋጠሚያ ላይ የተቀመጠች ደሴት ናት። የሰሎሞን ባሕር ወለል ከፓስፊክ ቅርፊት ሥር እየሰመጠ ይገባል። ሲሰምጥ የያዘውን ውሃ ይለቃል፤ ውሃው ጥልቁ ላይ ያለው አለት በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ የቀለጠውም ወደ ላይ ይወጣል። ከፓንጉና ብዙም የማይርቀው የባጋና እሳተ ገሞራ ዛሬም ጭስና አመድ የሚተፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ እንዲህ ያለ ቅልጥ አለት የጥንት እሳተ ገሞራ የተወውን አለት ሰርስሮ ወጣና ከምድር ገጽ ሳይደርስ እዚያው ውስጥ ቀዘቀዘ። በከርሰ ምድር ሳይንስ ይህ የትናንት ያህል ቅርብ ነው። ሲቀዘቅዝ ከውስጡ ያመለጠው የጋለና ጨዋማ ፈሳሽ በዙሪያው ያለውን አለት በሺህ በሚቆጠሩ ስንጥቆች ሰነጣጠቀው። በስንጥቆቹም ውስጥ ኳርትዝ፣ መዳብ ያዘለ የድኝ ማዕድን፣ ማግኔታይትና ጥቂት ወርቅ ጥሎ አለፈ። የዘርፉ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ክምችት ፖርፊሪ ይሉታል።

የፓንጉናን ድንጋይ በእጁ ይዞ የሚመለከት ሰው ሀብት መያዙ አይታወቀውም። ግራጫ ነው። በላዩ ላይ ቀጫጭን ነጭ የኳርትዝ መስመሮች ይታያሉ፤ ከመስመሮቹ ውስጥ ደግሞ በብርሃን ሲያዘነብሉት የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ብልጭ ይላሉ። መዳቡ ያለው በእነዚያ ነጠብጣቦች ውስጥ ነው። ቁፋሮው ሲጀመር የተሰላው ክምችት 944 ሚሊዮን ቶን ገደማ ድንጋይ ሲሆን፣ በአማካይ የያዘው መዳብ 0.48 በመቶ ብቻ ነበር። ከ1,000 ኪሎ ድንጋይ 5 ኪሎ የማይሞላ መዳብና ግማሽ ግራም ገደማ ወርቅ ይገኛል ማለት ነው። ቀሪው 995 ኪሎ የሚጣል ነው።

ፍርዳችን የቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ዝቃጩ ድንገተኛ አደጋ ያመጣው ነገር አይደለም፤ ግድብ ተደርምሶ፣ ሠራተኛ ተሳስቶ፣ ማዕበል መጥቶ የተፈጠረ አይደለም። የድንጋዩ ባሕርይ ነው። የመጀመሪያውን የመቆፈሪያ ናሙና ቤተ ሙከራ ያስገባ ሰው ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ 200 ኪሎ ድንጋይ 199ኙ የት ይወድቃል የሚለውን ጥያቄ አብሮ በእጁ ይዞ ነበር። ኩባንያው የመዳቡን ዋጋ በሚገባ አስልቷል። የሚጣለውን ድንጋይ ግን ዋጋ አልሰጠውም፤ በወንዙ ላይ ጣለው።

አሠራሩም ይህ ነበር። ድንጋዩ በፈንጂ ይናዳል፣ በግዙፍ ወፍጮ እንደ ዱቄት ይልማል፣ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ አየር ይነፋበታል። መዳብ ያዘለው ቅንጣት ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ይንሳፈፋል፣ ይገፈፋል፣ በቧንቧ ተራራውን ወርዶ ሎሎሆ ወደሚባለው ወደብ ይሄዳል። የቀረው ወደ ካቬሮንግ ይለቀቃል። ፓንጉና በዓመት ከ4 ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት ተራራማ ስፍራ ነው። ዝናቡ ልሙን ድንጋይ እየጠረገ ወደ ጃባ አወረደው፤ የወንዙ ወለል ከፍ አለ፤ የሚገብሩት ጅረቶች አፋቸው ተደፍኖ ረግረግ ሆኑ፤ ዝቃጩ እስከ ባሕሩ ደርሶ ከዚያ በፊት ያልነበረ ደለላማ ምድር ሠራ። በድንጋዩ ውስጥ የቀረው ድኝ ደግሞ አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ የተረፈውን መዳብ ያሟሟል። በጉድጓዱ አካባቢ ድንጋዩንና የውሃውን መውረጃ የሚያቀልመው ሰማያዊ አረንጓዴ ከዚያ የመጣ ነው። ለዓይን ያምራል። ለዓሣና ለሚጠጣ ሰው ግን መርዝ ነው።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው አባባል በጃባ ዳርቻ የሚኖረውን ሕዝብ ይገልጸዋል።

የሰዎቹን ታሪክ ስንመጣበት የሚያሳዝነው፣ ጠያቂ አለመጥፋቱ ነው። በአካባቢው በኩፔይ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በትንሹ ወርቅ ይወጣ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት የከርሰ ምድር ባለሙያ ስለ ቦታው የጻፈው ሪፖርት የሪዮ ቲንቶ ቅርንጫፍ የነበረውን የኮንዚንክ ሪዮቲንቶ ኦፍ አውስትራሊያን ቀልብ ሳበ፤ በ1964 ቁፋሮ ተጀመረ። ያኔ ደሴቲቱን የምታስተዳድረው አውስትራሊያ ነበረች። በአስተዳደሩ ሕግ ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የመንግሥት ነበር። በአካባቢው በናሲዮይ ሕዝብ ወግ ግን መሬት ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ የጎሳ ንብረት ነው፤ ከላይና ከታች ብሎ የሚከፍለውም የለም። ለመንግሥትና ለኩባንያው ባለሥልጣናት ይህን የነገሯቸው ሴቶቹ ነበሩ። በኦገስት 1969፣ ለወደቡ መሬት ሊወሰድ ሲል፣ የሮሮቫና መንደር ሴቶች የቀያሾቹን የወሰን ምልክት ከመሬት ነቅለው ጣሉ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በዱላ በተናቸው።

የማዕድን ማውጫው ውል የተፈረመው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1967 ነው። የፈረሙትም የአውስትራሊያ አስተዳደርና ኩባንያው ናቸው፤ የመሬቱ ባለቤቶች ፊርማ የለበትም። የቡገንቪል ተወካይ የነበሩት ፖል ላፑን በ1966 በምክር ቤቱ ታግለው አንድ ነገር አስገኙ። ኩባንያው ከሚልከው ማዕድን ዋጋ ለመንግሥት ከሚከፍለው የ1.25 በመቶ ሮያሊቲ ላይ 5 በመቶው ለመሬቱ ባለቤቶች እንዲሰጥ ተወሰነ። ሒሳቡን ሠርተን እንየው፤ 1,600 ዶላር የሚያወጣ መዳብ መርከብ ላይ ሲጫን፣ ከሮያሊቲው ለመሬቱ ባለቤቶች የሚደርሰው 1 ዶላር ነው። ይህም በትግል የተገኘ ነው።

ምርት በ1972 ተጀመረ። በ17 ዓመት ውስጥ 3 ሚሊዮን ቶን መዳብ፣ 306 ቶን ወርቅና 784 ቶን ብር ያዘለ ምርት ተላከ። ዋጋው 5.2 ቢሊዮን ኪና (የፓፑዋ ኒው ጊኒ ገንዘብ) ደረሰ፤ ይህም በእነዚያ ዓመታት ፓፑዋ ኒው ጊኒ ወደ ውጭ ከላከችው ሁሉ 44 በመቶ ገደማ ነው። በ1975 ነፃ የወጣችው አገር በጀቷን ያቆመችው ከዚህ ጉድጓድ በወጣ ገንዘብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቡገንቪሎች የአገሪቱ ነፃነት ከመታወጁ ሁለት ሳምንት አስቀድመው፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1975፣ የራሳቸውን ነፃነት ያወጁትም የገንዘቡን አካሄድ ስላዩ ጭምር ነው። ከማዕድኑ ከተገኘው ገቢ ከ60 በመቶ በላይ ለማዕከላዊው መንግሥት፣ ሲሶው ገደማ ለውጭ ባለአክሲዮኖች ሲደርስ፣ ለክፍለ ሀገሩ መንግሥት 4 በመቶ፣ ለመሬቱ ባለቤቶች ደግሞ 1.4 በመቶ ገደማ ደረሰ።

ለኩባንያውም የሚገባውን እንስጠው። በማዕድን ማውጫው ዘመን 12,000 ያህል ሠራተኞች ሥልጠና አግኝተዋል፤ 1,000 ገደማው በሙሉ የሙያ ሥልጠና ተመርቀዋል፤ የአራዋ ከተማ ተገንብታለች። ይህ እውነት ነው። ይሁንና ሥልጠና የወሰደው ወጣትና ወንዟን ያጣችው እናት ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ። ከዚያው ኩባንያ የወጣው ፍራንሲስ ኦና፣ ከዘመዱ ከፐርፔቱዋ ሴሬሮ ጋር በ1987 አዲሱን የመሬት ባለይዞታዎች ማኅበር የመራው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። 10 ቢሊዮን ኪና ካሳ ጠየቁ። የሰማቸው አልነበረም። በኖቬምበር 1988 ከማዕድኑ ግምጃ ቤት የተወሰደ ፈንጂ የኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎቹን ጣለ፤ ሜይ 15 ቀን 1989 ማዕድን ማውጫው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጦርነት ነው። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ጦር በ1990 ደሴቲቱን ከበበ፤ መድኃኒት እንዳይገባ ተደረገ። አውስትራሊያ ለጦሩ የሰጠቻቸው አራት ሄሊኮፕተሮች በሕዝቡ ላይ መሣሪያ ተጠምዶባቸው በረሩ። በተከበበው ምድር ያሉ ሰዎች መኪና በኮኮናት ዘይት አስነሡ፤ ከማዕድን ማውጫው የተረፈውን ብረታ ብረት ለቅመው በየጅረቱ ላይ የመብራት ማመንጫ ሠሩ። የቡገንቪል ታጣቂዎችም ንጹሐን አልነበሩም፤ በገዛ ወገናቸው ላይ ግፍ ፈጽመዋል። በ1997 የጠቅላይ ሚኒስትር ጁሊየስ ቻን መንግሥት ሳንድላይን ከሚባል ድርጅት ቅጥር ወታደሮች አስመጥቶ ማዕድኑን በኃይል ለማስመለስ ሲሞክር፣ የገዛ ጦሩ አዛዥ ጄሪ ሲንጊሮክ እምቢ ብለው ዕቅዱ ከሸፈ። የሰላም ስምምነቱ በኦገስት 2001 አራዋ ላይ ሲፈረም፣ በጥይትም በበሽታም ያለቀው ሕዝብ እስከ 20,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። ከአንዲት ትንሽ ደሴት ያለቀ ሕዝብ ነው ይህ።

አሁን የሪዮ ቲንቶን መከራከሪያ እንመልከት። ሦስት ነገር ይላል። በጊዜው የነበረውን ሕግ ሁሉ አክብሬ ሠርቻለሁ፤ ቦታውን ለቅቄ የወጣሁት በጦርነት ተገፍቼ ነው፤ አክሲዮኔንም አስረክቤያለሁ።

የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ፋይዳ ግን የለውም። ሕጉ ዝቃጭ ወደ ወንዝ እንዲለቀቅ የፈቀደው፣ ኩባንያው ራሱ ተደራድሮ ባስወሰነው ውል ነው። ሕግ አስከባሪው ደግሞ የገቢው ተካፋይ ነበር። ተጎጂው ባልተቀመጠበት ጠረጴዛ የተጻፈን ፈቃድ ለተጎጂው መልስ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ሁለተኛውም በከፊል እውነት ነው። በ1990ዎቹ ማንም ወደዚያ ገብቶ ሊያጸዳ አይችልም ነበር፤ ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን ወንዙ የሞላው ከ1972 እስከ 1989 ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት። ጦርነቱ ጽዳቱን አዘገየ እንጂ ቆሻሻውን አልፈጠረም። ከ2001 ወዲህ ደግሞ ሰላም አለ።

ሦስተኛውን በዝምታ ማለፍ አንችልም። ሪዮ ቲንቶ በጁን 2016 ማዕድኑን ያወጣ በነበረው ኩባንያ ውስጥ የነበረውን 53.8 በመቶ ድርሻ ለቡገንቪል ራስ ገዝ መንግሥትና ለፓፑዋ ኒው ጊኒ መንግሥት ከፋፍሎ ያለ ክፍያ ሰጠ። ለጽዳት ግን ምንም አላስቀመጠም፤ ግዴታም የለብኝም አለ። ትርፉ በነበረበት ዘመን ለባለቤቶቹ 1.4 በመቶ፣ ዕዳው ብቻ ሲቀር ግን ለራስ ገዙ መንግሥት ሲሶ የሚያልፍ ድርሻ ሰጥቶ መሄድ ስጦታ አይባልም። ዕዳን በሌላ ላይ መጣል ነው። የአክሲዮን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ወንዝ የሞላ ሰው ግዴታ ግን እሱ ሳይፈጽመው አይተላለፍም።

ለዚህ መልስ የሰጡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በሴፕቴምበር 2020፣ 156 የአካባቢው ሰዎች መቀመጫው ሜልበርን በሆነ የሰብዓዊ መብት ሕግ ማዕከል አማካይነት ለአውስትራሊያ መንግሥት አቤቱታ አቀረቡ። በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ቲንቶ ገለልተኛ ጥናት ለማስጠናት ገንዘብ ሊከፍል ተስማማ። የጥናቱ የመጀመሪያ ክፍል በዲሴምበር 2024 ወጣ። ሊደረመሱ የተቃረቡ ሕንፃዎችና ክምሮች፣ የጎርፍ አደጋ፣ የተበከለ አፈርና ውሃ፤ ነዋሪው ለዓመታት ሲጮኽበት የነበረው ሁሉ አሁን በመሐንዲሶች ቋንቋ ተጽፎ ተነበበ። ሪዮ ቲንቶም ግኝቱን ተቀበለ። ይህን መቀበሉን እናደንቃለን። በዚያው ሰሞን ኩባንያው ከራስ ገዙ መንግሥት ጋር ስለ መፍትሔው ለመነጋገር ተፈራርሟል። በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ደግሞ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ፍርድ ቤት የጋራ ክስ መሥርተዋል።

ድርድሩ ሲካሄድ የጃባ ሰው ኑሮ አልቆመም። ልጆች ትምህርት ቤት፣ እናቶች ማሳ ለመድረስ ያንን ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ያቋርጣሉ፤ ከላይ ሲዘንብ ውሃው ሳይታሰብ ይደርስባቸዋል። በዝቃጩ ላይ አካፋና ወንፊት የያዙ ቤተሰቦች ኩባንያው የተወውን ወርቅ ይፈልጋሉ፤ ወርቁን ለመለየት ሜርኩሪ ይጠቀማሉ። በተተዉት የኩባንያው ሕንፃዎች ውስጥም ሰው ይኖራል።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ይቀራል። በ2019 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ወደ 98 በመቶ የሚጠጋው የቡገንቪል መራጭ ነፃነትን መርጧል። ነፃ አገር ገንዘብ ይፈልጋል። በፓንጉና ሥር ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ መዳብ እንደቀረ ይገመታል። ስለዚህ የቀድሞው የታጣቂዎች አዛዥ፣ ፕሬዚዳንት ኢሽማኤል ቶሮአማ ሳይቀሩ፣ ማዕድኑን እንደገና የመክፈትን ሐሳብ ይዘዋል። ይህን የመወሰን መብት የቡገንቪሎች ነው፤ እኛ የምናዝዝበት አይደለም። የምንቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጽዳቱ ከአዲሱ ምርት ትርፍ ይከፈላል» የሚለውን። እዚህም ላይ መልስ የሚሰጠን ድንጋዩ ነው። የቀረው ክምችት በአማካይ 0.3 በመቶ ገደማ መዳብ ብቻ የያዘ ነው። የተሻለው ክፍል አስቀድሞ ተወስዷል። በሁለተኛው ዙር ለአንድ ቶን መዳብ የሚጣለው ድንጋይ ከመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል። አሮጌውን ዝቃጭ ለማንሣት የሚበልጥ አዲስ ዝቃጭ ማምረት ካሳ ተብሎ ሊቀርብ አይገባም። በእናቱ ወንዝ ላይ የተጣለው ቆሻሻ እንዲነሣለት የሚጠይቅ ሰው፣ ለዚያ ሲል ሌላ ማዕድን እንዲፈቅድ ሊገደድም አይገባም።

አውስትራሊያም ዝም ብላ ልትቀመጥ አትችልም። ውሉን ያጸደቀችው፣ በሮሮቫና ፖሊስ ያዘዘው አስተዳደሯ ነው፤ ሄሊኮፕተሮቹም የእርሷ ነበሩ። የፓፑዋ ኒው ጊኒ መንግሥት የገቢውን ትልቅ ድርሻ ወስዷልና፣ አቅሙ ቢያንስም ድርሻውን ማዋጣት ይገባዋል። ግንባር ቀደሙ ከፋይ ግን በዓለም ካሉት ግዙፍ የማዕድን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሪዮ ቲንቶ ነው። ጥናቱ አደገኛ ናቸው ያላቸው ሕንፃዎችና ክምሮች ሁለተኛው የጥናት ክፍል እስኪያልቅ መጠበቅ የለባቸውም። ለጃባ ሸለቆ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና መሻገሪያ ለማቅረብም ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም። ገንዘቡ የሚቀመጥበት ሒሳብ በቡገንቪሎች እጅ ይሁን፤ የመሬቱ ባለቤት የሆኑት ሴቶችም ከፈራሚዎቹ መካከል ይኑሩ፤ በ1967 ያልተጠየቁት እነሱ ነበሩና።

ሪዮ ቲንቶ የጥናቱን ወጪ ከፍሏል፣ ግኝቱን ተቀብሏል፣ በጠረጴዛው ዙሪያም ተቀምጧል። አሁን የሚጠበቅበት የገንዘቡን መጠን መናገርና ማስቀመጥ ነው።